የደምሴ ጺም በሚኒያፖሊስ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁ ነው። ፎቅስ አለ፤ እኔ ግን ፎቅ ለማየት ቀና ያልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዓይኔን ይዞት የከረመው የወንድሜ የደምሴ ጺም ነበር። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ደጋግሜ አውርቼው አፌ ስለዛለ ይኸው ጻፍኩት። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ «እንካ አንብብ» ብዬ እገላገላለሁ።

ስሜ አስካለ ነው፤ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ደምሴ ታናሼ ነው፤ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሜሪካ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው። ሚኒያፖሊስ ጥግ ሪችፊልድ የምትባል ሰፈር ይኖራል፤ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። አባታችንም ሾፌር ነበር፤ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ። የሞተው ደምሴ ገና ሲድህ ነው። እኔ የሄድኩት ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ ተማሪው ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲበተን ነው።

ከደሴ ልነሳ ስል እናታችን በእጇ የፈተለችውን ጋቢ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች። «ድምፁን በስልክ ጠግቤዋለሁ» አለችኝ። «ድምፅ ከስቷል ወፍሯል ብሎ አይናገርም። መልኩን ልየው።» ለዚህም ዘዴ ተገኝቶ ነበር። እናታችንን ይዛ የምትኖረው ተከታይ እህቴ ዘነበች፣ ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ የኢንተርኔት ቤት ካሜራ ማስገባቱን ሰምታ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዛለች። እኔ ደምሴን እዚያ ካሜራ ፊት አስቀምጣለሁ፣ እሷ እናታችንን እዚህ ታስቀምጣለች። እናታችን ደም ግፊት አለባት፤ ሐኪሙ «ድንጋጤ አይስማማትም፣ ጠብቋት» ብሎናል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የጉዞው ጣጣ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው፤ እኔም ከዚህ የባሰ ብርድ የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ደሴ ያደገ ሰው በብርድ ይኮራል። ቦሌ ተሳፍሬ አምስተርዳም ወረድኩ፤ እዚያ እግሬን ሳላነሳ ወለሉ ራሱ ይዞኝ ሲሄድ የአንዱን ፈረንጅ ኮት ጨምድጄ ያዝኩ። ሰውየው ምንም አላለ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደያዝኩት ሸኘኝና እጄን ጨብጦ ሄደ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ ደረስን። ከላይ ሲያዩት ወንዙም ሐይቁም ጣሪያውም አንድ ነጭ ነው። ሻንጣ የሚወሰድበት ጋ ደምሴን ፈልጌ አጣሁት። አንድ ጺሙ ጉሮሮውን የሸፈነ ሰው እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ። ፊቱን የማውቀው መሰለኝ፤ የማን እንደሆነ ግን አልመጣልኝም። «እትዬ!» ሲል ነው ደምሴ መሆኑን ያወቅኩት።

ወንድሜ አንድ ቀን ጺም አሳድጎ አያውቅም። እኛ ቤት ወንድ ጺሙን መላጨት የሚተወው ሰው ሲሞት ነው። እኔ ሰማይ ላይ ሳለሁ እናቴ ሞታ፣ ዘነበች ለእሱ ደውላ፣ እሱ ሊያረዳኝ መጥቷል ማለት ነው። ጺም በአንድ ቀን ጉሮሮ እንደማይሸፍን ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም።

«ማነው? ማን ሞተብኝ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም እትዬ» አለኝ።

ማንም አልሞተም ማለት የመርዶ መግቢያ ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ እዬዬዬን አቀለጥኩት። አንድ የኤርፖርት ፖሊስ ውኃ ይዞ መጣ፤ አንዲት ሴት ሶፍት ሰጠችኝ፤ አንዱ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ደረሰ። ደምሴ «ኳስ ነው! ለኳስ ነው!» ይላል፤ እኔ ደግሞ ሐዘኑ አእምሮውን አናውጦታል ብዬ ባሰብኝ። ሻንጣዬ አለመምጣቱ የታወቀው መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።

መንገድ ላይ እየነዳ አስረዳኝ። በዚህ አገር ገንዘብ ተከፍሏቸው በረዶ ላይ በስለት ጫማ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። የከተማው ቡድን ዘንድሮ ሲጀምር ያገኘውን ሁሉ እየጣለ ነበር፤ ዋንጫው የእኛ ነው ተብሎ ነበር። የገና በዓል ሲቃረብ ግን ቅጡ ጠፋው። ዋናው በረኛ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ብዙ የሚከፈለው ጎል አግቢ፣ ከደምሴ ጋር የሚሠሩት ሾፌሮች «ባለደመወዙ» የሚሉት፣ ጎሉ የት እንዳለ የረሳ መሰለ። አንድ ቀን ያሸንፋሉ፣ በነጋታው ይሸነፋሉ። የደምሴ የሥራ ጓደኞች ተሰብስበው፣ ቡድኑ ሁለት ጊዜ በተከታታይ እስኪያሸንፍ ማናችንም አንላጭም ተባባሉ። ሁሉም በየሃይማኖቱ ማለ። ደምሴን «አንተስ በአገርህ እንዴት ነው የምትምለው?» ብለው ጠየቁት።

«ምን ብለህ ማልክ?» አልኩት።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጡሩንባ ነፉብን።

«እናቴ ትሙት ብዬ» አለ።

«አንተ ደንቆሮ» አልኩት። ከዚያ ሰላምታ በኋላ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እንግዲህ ችግሩን አያችሁት። ቢላጭ በእናቱ ሕይወት የማለው መሐላ ይፈርሳል። ባይላጭ ቅዳሜ እናታችን ካሜራው ላይ ታየውና የሆነ ሰው ሞቷል ብላ እዚያው ትወድቅብናለች። አስቀድመን በስልክ «እማዬ፣ ጺም አሳድጓል፣ ግን ማንም አልሞተም» እንዳንላት፣ እኔ ራሴ ማንም አልሞተም ስባል የሆንኩትን ሆኛለሁ። ቀጠሮው ይለፍ ብንልም ያው ነው፤ የተላለፈ ቀጠሮ መርዶ ነው። የቀረን መንገድ አንድ ነው፤ ቡድኑ ከቅዳሜ በፊት ሁለት ጊዜ ማሸነፍ አለበት። ጨዋታው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ነው።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። እኔ ከመኝታ ክፍል ብቅ ስል ሳሎኑ ሞልቷል። አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ሌክ ስትሪት የሚባል ጎዳና ላይ ሱቅ ያላቸው የኮምቦልቻው ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለት ጎረቤቶች በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ድስት አስቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። እንግዲህ በጠዋት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ይታወቃል። «አበቃ» አልኩና ደረቴን መታሁ። እነሱም አብረውኝ አለቀሱ። ጋሽ ሰይድ «አይዞሽ ልጄ፣ የአላህ ሥራ ነው» ይሉኛል፤ እኔ «ሳላያት! ሳልቀብራት!» እላለሁ። የደምሴ ሚስት ሌንሴ፣ የአምቦ ልጅ ናት፣ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አድራ ስትገባ ሳሎኗ ውስጥ ለቅሶ አገኘች። ቦርሳዋን ጥላ «አባኮ!» ብላ ተንበረከከች፤ አባቷ የሞቱባት መስሏታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደምሴ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንዳለ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ቦንቱም ነቅታ ዓይኗን እያሻሸች «አባዬ፣ ሁ ዳይድ?» አለችው። ማን ሞተ ማለቷ ነው። ሁላችንም ተያየን።

«ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው ጋሽ ሰይድን።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ኤርፖርት የሚሠራ ልጅ የደምሴ እህት ስትወርድ ወለሉ ላይ አለቀሰች አለን። እሱም ጺሙን ካሳደገ ሰነባብቷል። የእናንተን ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሌንሴ ናት፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ድስቱ ሲከፈት ሩዝ በበግ ሥጋ ሆኖ ተገኘ። የለቅሶ ምግብ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። ጋሽ ሰይድ የጺሙን ታሪክ ሲሰሙ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ለኳስ? ወላሂ ለኳስ?» አሉ። «በል እንግዲህ እኔም ማታ መጥቼ አየዋለሁ። የዚህን ጉድ መጨረሻማ ሳላይ አልቀርም።»

ማታ ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ኳሷ ክብ አይደለችም፤ ጥቁርና ጠፍጣፋ፣ ልክ እንደ ኩበት ናት። ስትሄድ ዓይን አይደርስባትም፤ ሰው ሁሉ ሲጮህ ነው ጎል መግባቷን የማውቀው። ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች በመስታወት ታጥሮ ብቻውን ይቀመጣል፤ ቢሮዬ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቆመውን የእኛን ተማሪ አስታወሰኝ። ደስ ያለኝ ግን በረኛው ነው። በተጎዳው ምትክ ከታችኛው ሊግ ያመጡት ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላው የሚመስል ልጅ ነው፤ ማንም ከእሱ ምንም አልጠበቀም። እንደ ድመት ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ኩበቷን በእጁ ይቀልባል። አንዲት አላሳለፈም። ሁለት ለባዶ አሸነፉ።

«አንድ አላችሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን እያደረጉ። «አንድ ቀረችህ ልጄ።» ሌንሴ ምላጭ ገዝታ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠች።

ሐሙስ ሌክ ስትሪት ወጣን። ብርዱን አልገልጸውም፤ የዓይኔ ሽፋሽፍት እርስ በርሱ ተጣበቀ ብል ደሴ ማን ያምነኛል። በደሴ ብርድ የኮራሁበትን አፌን በፎጣ ሸፍኜ ሄድኩ። የገባንበት የገበያ አዳራሽ ውስጥ ግን ሙቀት ነው፤ የደሴን የሰኞ ገበያ ጫጫታ ጣሪያ ሥር አስገብተው መብራት ያበሩለት ይመስላል። የሜክሲኮውም፣ የሶማሌውም፣ የእኛም ሰው ይሸጣል። ግማሹ ወንድ ባለጺም ነው። ይህ ሁሉ ሐዘንተኛ ቢሆን ከተማው ሰው ባልተረፈለት ነበር። ስንወጣ የጋሽ ሰይድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንሸራቶኝ በቂጤ ተቀመጥኩ። ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች አንስተው፣ በረዶውን አራግፈው፣ እስከ በሩ ደግፈውኝ ሄዱ። ጋሽ ሰይድ «አሁን ሚኒሶታ ተቀበለችሽ» አሉኝና በርጩማ ሰጡኝ።

እዚያ ተቀምጠን መከርን። ሌንሴ «ቄስ ይፍታህ» አለችው። ደምሴ «ለኳስ ብዬ እናቴን በቃሌ ገደልኳት ልበላቸው?» አለ። እኔ «ጓደኞችህ ነጻ ቢያደርጉህስ?» አልኩት። «እነሱ እኔን ይለቁኛል፤ እናቴን ማን ይለቅልኛል?» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሽ ሰይድ «የዓርቡን እንይ» ብለው ምክሩን ዘጉ።

ዓርብ ጠዋት የጠፋው ሻንጣዬ መጣ። ይዘውት የመጡት ከአየር መንገዱ የተላኩ ሰዎች አይደሉም፤ የደምሴ የሥራ አለቃ ካርልና ሁለት ሾፌሮች ናቸው። ሦስቱም ጺማቸው ተንዠርግጓል፤ በሩን ስከፍት መነኮሳት የመጡ መሰለኝ። ካርል ኤርፖርቱን ዞሮ ሻንጣዬን ፈልጎ አግኝቶታል፤ በላዩ ላይ የሚስቱን ቦት ጫማ ጨምሮ አምጥቶልኛል። ያረፈበትን ወንበር ሳያሞቅ ኤርፖርት በማልቀሴ ይቅርታ ጠየቀኝ። «ጺሙ ባገራችሁ እንዲህ መሆኑን ብናውቅ እሱን ፀጉሩን ነበር ቀለም የምናስቀባው» አለ። ደምሴን ሲያስተረጉም ከልቡ ነበር የሚያዝነው። ደምሴ ሥራ የጀመረ ጊዜ በረዶ ላይ መንዳት ያስተማረው ይህ ሰው ነው።

ዓርብ ማታ ቤቱ ሞላ። ጋሽ ሰይድ ዱዓ አደረጉ፤ ሌንሴ በኦሮምኛ ጸለየች፤ እኔ በልቤ ገብርኤልን ለመንኩ። አንዳችን እንኳ አልተሰማንም። ያ ረቡዕ ድመት የነበረው ልጅ ኩበቷ በእግሮቹ መሃል እየሾለከች ገባችበት። ባለደመወዙ ባዶ ጎል አግኝቶ ወደ ተመልካች ላካት። አምስት ለአንድ ተሸነፉ። ጋሽ ሰይድ «ሱብሃነላህ፣ ያው ረቡዕ ያየናቸው ሰዎች ናቸው?» ብለው ቴሌቪዥኑን ጠጋ ብለው አዩት። ደምሴ ቅስሙ ተሰብሮ ወለሉ ላይ ተኛ። ቦንቱ ሆዱ ላይ ተቀምጣ ጺሙን እየጎተተች «አባዬ፣ ኢትስ ኦኬ» ትለዋለች። እኔ ግን እናቴ ነበረች በዓይኔ የመጣችው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደሴ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ያሰብነው ዘዴ ይህ ነው። ደምሴ የእናቱን ጋቢ እስከ አፍንጫው ይከናነባል፣ እኔ «ጥርሱን አሞት ነው» እላለሁ። ሌንሴ ከበስተኋላችን ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

ምስሉ መጀመሪያ ተቆራርጦ መጣ። ከዚያ የዘነበች ግንባር ታየ፤ ከዚያ እናታችን። ነጠላዋን አጥባ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። ካሜራው የት እንዳለ ስለማታውቅ ወደ ጎን ነበር የምታየው፤ ዘነበች አገጯን ይዛ አዞረችላት።

«ያ የተሸፈነው ማነው?» አለች እናታችን።

«እኔ ነኝ እማዬ፣ ደምሴ። ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«ጋቢዬን አወቅኩት። ፊትህን ግለጠው።»

«ብርድ ነው እማዬ፣ እዚህ ብርዱ…»

«አንተ ልጅ» አለች። «ጋቢዬን ለማየት ዳገት አልወጣሁም።»

ደምሴ ዞሮ አየኝ። እኔ ምን ልበለው? ጋቢውን ዝቅ አደረገው።

እናታችን ዝም አለች። ምስሉ ቆሞ እንደሆነ ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ፤ አልቆመም፣ ዓይኗ ይርገበገባል። ሌንሴ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። ዘነበች እዚያ «እማዬ? እማዬ?» ትላለች። እናታችን እጇን ዘርግታ የኮምፒውተሩን መስታወት ነካችው፤ ጣቷ ከእኛ ዘንድ ትልቅ ሆኖ ታየ።

«አባትህ መጣ» አለች። «ዘነቡ፣ ነይ እይው፣ አባትሽ።»

ያኔ ነው ኤርፖርት ያየሁት ፊት የማን እንደሆነ የገባኝ። አባታችን ከአሰብ ሲመለስ፣ አቧራውን ሳያራግፍ በር ላይ የሚቆመው እንደዚያ ነበር፤ መንገድ ላይ ሳይላጭ የከረመ ጺሙም በዚያው ልክ። ከእሱ የቀረን ፎቶ ለመንጃ ፈቃድ ተላጭቶ የተነሳው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አይመስልም። ደምሴ አባቱን አያውቀውም። «እሱን እመስላለሁ?» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። እናታችን እያለቀሰች ሳቀች። እኛም እያለቀስን ሳቅን። የደስታ ለቅሶ ነበር።

ቀስ ብላ «ታዲያ ጺሙ የማን ሐዘን ነው?» አለች። ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ ኳሱን፣ ጓደኞቹን፣ መሐላውንም አልደበቀም።

«እኔን ገድለህ ነዋ የማልከው» አለች። «ለኳስ።»

«ይቅር በይኝ እማዬ።»

«ሁለት ጊዜ ካሸነፉ ትላጨዋለህ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ጥቂት አሰበች። «አይቸኩሉ» አለች።

እሑድ ቡድኑ ሌላ ከተማ ሄዶ ተጫወተ፤ ሳይታሰብ አሸነፈ። ባለደመወዙ ለሳምንታት የረሳውን ጎል አስታውሶ ሁለት አገባ። በሌላ ሳምንት ቢሆን ቤቱ በእልልታ ይፈርስ ነበር። አሁን ደምሴ በእጁ ጺሙን አሻሸ። ጋሽ ሰይድም ግራ ገብቷቸው «አሁን ደስ ይበለን ወይስ ይክፋን?» አሉ። ሰኞ እኔና ሌንሴ ሜፕልዉድ የሚባል ሰፈር ገበያ ሄደን ለዘነበች ጫማ መረጥን፤ ስለ ኳስ ማንም እንዳያነሳ ተስማምተን ነበር፤ ሁለታችንም አነሳን።

ማክሰኞ ማታ ካርል ባገኘው ትኬት ከደምሴ ጋር ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ያለው የቡድኑ ስታዲየም ገባሁ። ሰው እንደ ጥምቀት ተሞልቷል፣ ያውም ጣሪያ ሥር፤ ከመሃል ያለው በረዶ ግን ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ከቴሌቪዥን የሚለየው ድምፁ ነው፤ የስለት ጫማው በረዶውን ሲፍቀው፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ የገና ጨዋታ የሚሰማ ይመስላል። ካርልና ሾፌሮቹ ከኛ ረድፍ ተደርድረዋል። ካርል ከኪሱ የጺም መላጫ ማሽን አውጥቶ አሳየኝ። ካሸነፉ መኪና ማቆሚያው ላይ ሁሉም በተራ ሊላጩ ነው።

«እትዬ» አለ ደምሴ በጆሮዬ፣ «ዛሬ ማንን ልደግፍ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አላወቅኩም። ያ በረኛ ልጅ ሲወድቅና ሲነሳ አንጀቴን በላው። በእሱ መጨከን አልቻልኩም። በመጀመሪያው ጎል ከሰው ሁሉ በላይ ጮህኩ፤ ከጎኔ ያለችው ሴት አቀፈችኝ። ሁለት ለአንድ እየመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ካርል ማሽኑን አስነስቶ ሞከረው። ደምሴ ጺሙን በመዳፉ ያዘ። በዚያች ቅጽበት ተጋጣሚው አገባ። ስታዲየሙ እንዳለ ተነፈሰ። ጨምረው ተጫወቱ፣ አልተለያዩም፤ እንደ እግር ኳሱ ወደ መለያ ምት ሄዱ።

የእኛ ልጅ ሁለቱን መለሰ፣ አንዷ አመለጠችው። የእኛዎቹ ሁለት መቺዎች ስተዋል፤ የመጨረሻው መቺ ባለደመወዙ ነው። ካገባ ይቀጥላሉ፤ ከሳተ አለቀ። ከመሃል ተንሸራቶ መጣ፣ በረኛውን በአንድ ጎን አስተኛው፣ ጎሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። ኩበቷ የብረቱን ጠርዝ መታችው፤ ቅጭል የሚል ድምፅ እስከ እኛ ተሰማ።

ያ ሁሉ ሰው ጭንቅላቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ከመሃላቸው ሁለት ሐበሾች ብቻ ተቃቅፈን እንስቃለን። አንዱ ሰካራም «ከየት የመጡ ደጋፊዎች ናቸው?» ብሎ ተቆጣ። ካርል ግን ሰፊ ፊቱን አዙሮ ደምሴን አየውና ገባው፤ የቅዳሜውን ነገር ሰምቷል። ማሽኑን ወደ ኪሱ መለሰ። «ለእናትህ ስንል ነው የተሸነፍነው ልበል?» አለው። ያን ምሽት ቤቱ ወስዶ ሚስቱ የሠራችውን የድንች ሾርባ አጠጣን። ያሸነፍን ይመስል አመሸን።

በነጋታው ደምሴ ኤርፖርት አደረሰኝ። ያ የመጀመሪያው ቀን ፖሊስ በሩ ላይ አገኘንና ሶፍት ይዞ ቀረበ፤ እኔ እየሳቅኩ አለፍኩት። ጋሽ ሰይድ ለእናቴ የሙስሊም መቁጠሪያ ልከዋል። «ለክርስቲያን ይሆናል እንዴ?» ብላቸው፣ «ሽማግሌ ጣቱን የሚያሠራበት አይጣ» አሉኝ።

ደሴ እንደገባሁ ሻንጣዬን ሳልፈታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ደህና ነው ወይ፣ በልቷል ወይ፣ ሚስቱ ደግ ናት ወይ፣ አንዱንም አልጠየቀችኝም።

«አሸነፉ?» አለች።

«እሑድ አሸነፉ፤ ማክሰኞ በመለያ ምት ተሸነፉ። ኳሷ ብረት መታች።»

እናቴ በመስቀል ምልክት አማተበችና ጎንበስ ብላ ከአልጋዋ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሳበች። ጋዜጣውን ስትገልጠው ዘርፉ ወርቅማ የሆነ አዲስ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው እማዬ?»

«ስለቴ ነዋ። ከኢንተርኔት ቤቱ ስንመለስ ነው የተሳልኩት። ገብርኤል ሰምቶኛል፤ በቀኑ አስገባለታለሁ።»

የካርልን ማሽን ያስመለሰው ይኸው ስለት ነበር ለካ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ የሚወድቅ የሚነሳ ልጅ በዓይኔ መጡብኝ።

«ኧረ እማዬ» አልኳት፣ «ሙሉ ከተማ ራሱን ይዞ እያለቀሰ!»

«እነሱ ሌላ ጊዜ ያሸንፋሉ» አለች፣ የጥላውን ዘርፍ በጣቷ እያበጠረች። «እኔ ለቅዳሜ ካሜራው ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ።»